ሳይተኩስ ያሸነፈው አስር አለቃ

በ1955 ዓ.ም. የፋሲካ ዕረፍት አልቆ ወደማስተምርበት ወደ መንዝ፣ ወደ ዘመሮ ስመለስ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በአውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጠው አንድ ዝምተኛ ወታደር ነበር። ስሙን ብጠይቀው አስር አለቃ አጥናፉ መሆኑን ነገረኝ። አገሩ መንዝ ነው፤ የሚመለሰው ግን ከኮንጎ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በዚያ አገር ሰላም እንዲያስከብር ባሰማራው ጦር ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወታደሮች ጋር ዘምቶ፣ የሬዲዮ መልእክት አቀባይ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል።

ጣርማ በር ላይ ስንወርድ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ከጉሙ ውስጥ ጥቁር በርኖስ የለበሱ ሽማግሌ በበቅሎ ተቀምጠው፣ ሌላ በቅሎ አስከትለው ብቅ አሉ። አጥናፉ ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም ከበቅሎ ወርደው ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳሙት፤ ከራሱ እስከ እግሩ አገላብጠው አዩት፤ ሰላምታው እንኳ በወጉ ሳያልቅ፣

«ስንት ጣልህ?» አሉት።

«ምኑን ጋሼ?»

«ምኑን ትለኛለህ? ጠላት ነዋ! ዘምተህ አይደለም የመጣኸው?»

«አንድም አልጣልሁም። አንዲት ጥይትም አልተኮስሁም።»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን ቃኙ። እኔን ከሻንጣዬ ጋር ቆሜ ሲያዩኝ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ይህን መልስ የውጭ ሰው ስለሰማባቸው ያፈሩ መሰለኝ።

እኒህ ሰው ግራዝማች አባይነህ ይባላሉ። የአጥናፉ እናት ወንድም ናቸው። የልጁ አባት ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞተ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በአምስቱ የጠላት ዘመን በመንዝና በመርሐቤቴ ገደላገደል የተዋጉ አርበኛ ስለ ሆኑ፣ በአገራቸው ስማቸው የሚጠራው በክብር ነው። መንገዳችን አንድ መሆኑን ሲሰሙ ሻንጣዬን በበቅሎው ላይ አስጭነው አብረን ጉዞ ጀመርን። ግን ንዴታቸው አልበረደም ነበርና፣ የመዘዞን መንገድ ከመያዛችን ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ይፍረዱን። ጠብመንጃ ታጥቆ፣ የመንግሥት ስንቅ እየበላ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሳይተኩስ የሚመለስ ሰው ምን ይባላል?»

«በጤና የተመለሰ ይባላል፣ ግራዝማች» አልሁ ነገሩን ላለዝብ ብዬ።

«በጤናማ በግም ከገበያ ይመለሳል» አሉ።

አጥናፉ አልተቆጣም። የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ከጎናቸው እየሄደ፣ «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አያቴ በምን ነበር የሚዋጉት?» አላቸው።

«በጦርና በጋሻ ነዋ። ነጋሪት እየተጎሰመ፣ ለምዱን ደርቦ፣ በጠራራ ፀሐይ ፊት ለፊት።»

«እርስዎስ? ጣሊያን የገባ ጊዜ?»

«እኛም መጀመሪያ እንደዚያው ወጣን። ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ሜዳ ላይ። አውሮፕላኑ ከላይ ሆኖ እንደ ገለባ በተነን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ኩታችንን ጭቃ ነክረን ገደል ገባን። ቀን እየተኛን ማታ መሄድ፣ ጠባብ መንገድ ላይ አድፍጦ መጠበቅ፣ መትቶ መሰወር።»

«ያን ጊዜ ታላላቆቹ ምን አሉዎት?»

ሽማግሌው ሳይወዱ በግድ ሳቁ። «አባቴ ነዋ! ‹እንደ ጅብ ጨለማ የሚጠብቅ ልጅ አልወለድሁም› ብሎ ሊረግመኝ ምንም አልቀረው።»

«እንግዲያው አያቴ እርስዎን ፈሪ አሉ፤ እርስዎ ደግሞ እኔን። አያቴ የተሳሳቱት ጀግንነት ጠፍቷቸው አይደለም፤ አውሮፕላን የሚያህል ነገር በጦርነት ውስጥ መግባቱን ስላላዩ ነው። መሣሪያው ሲለወጥ ስልቱ ይለወጣል፤ ስልቱ ሲለወጥ ደግሞ የጀግንነቱም መልክ ይለወጣል።»

ይህ መልስ ለእኔ በቂ ነበር፤ ለግራዝማች ግን አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እሳቸውም ያነሡት ነገር ቀላል አልነበረም።

«ስልት ይለወጥ፣ እሺ» አሉ። «እኛ ግን ስልት ስንለውጥ ጠላትን መምታት አልተውንም። እናንተ ምን አደረጋችሁ? በሁለት ባላጋራ መሐል ቆማችሁ ጎፈሬ ስታበጥሩ ከረማችሁ። እኛ እንደዚያ ቆመን ብንሆን ጣሊያን ዛሬም እዚህ ነበር!»

«አገሬን ሊቀማ የመጣ ጠላት ሲሆን እኔም እንደ እርስዎ እዋጋለሁ፤ በዚህ ክርክር የለንም። ነገር ግን ጦርነት ሁሉ አንድ አይደለም። ኮንጎ ስንገባ ያገኘናቸው ከአንድ ወንዝ የሚጠጡ ጎረቤታሞች ነበሩ። ደግሞስ ጋሼ፣ በ28 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ጄኔቭ ተሰብስበው ሲመክሩ፣ በእኛና በጣሊያን መሐል አንድ ወታደር እንኳ ቢያቆሙልን ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ‹ጎፈሬ አበጣሪ› ይሏቸው ነበር?»

ግራዝማች በቅሎዋን ኮልኩለው ቀደሙን። በዚያ ዓመት ሁለት ወንድሞቻቸው በአንድ ሳምንት መሞታቸውን በኋላ ሰማሁ።

ከአንድ ምንጭ አጠገብ አረፍንና በሶ በጠበጥን። አጥናፉም እዚያ ተቀምጦ አንድ ታሪክ ነገረን። በወንዝ ማዶና ማዶ የሚኖሩ ሁለት መንደሮች ነበሩ። አንደኛው «ሴቶቻችንን ገበያ ላይ ገደሉብን» ብሎ ሲነሣ፣ የእነአጥናፉ ጓድ ድልድዩ ላይ እንዲቆም ታዘዘ። ከሁለቱም ወገን ቀስት ይወረወር ጀመር። ከአጠገቡ የቆመው የጎጃም ልጅ ትከሻውን ተመትቶ ወደቀ።

«ታዲያ ዝም አላችሁ?» አሉ ግራዝማች በሶውን አስቀምጠው።

«ጋሼ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር። የመቶ አለቃችን ግን ‹የተኮሰ ለአንዱ ወገን ወታደር ሆነ ማለት ነው› ብሎን ነበርና አልተኮስንም። መቆማችንን ሲያዩ ቀስቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ ከሁለቱም መንደር አንዳንድ ሰው ይዘን ሄደን ብናጣራ፣ ሴቶቹ ጎርፍ መንገድ ዘግቶባቸው ሌላ መንደር ውለው ነው እንጂ በሕይወት አሉ። ያ የጎጃም ልጅ ቁስሉ ሲድን ምን አለ መሰለዎት? ‹ብትተኩሱ ኖሮ ለአንድ ትከሻ ሁለት መንደር ከፍዬ ነበር› አለን።»

ግራዝማች የቀረውን በሶ ጨልጠው፣ «መልካም ታሪክ ነው፤ ለኮንጎ ሰው» ብለው ተነሡ። አብዛኞቻችን ምክር ሲነገረን ለጎረቤት የሚስማማ ልብስ አድርገን እናየዋለን፤ በራሳችን ትከሻ ላይ መለካቱን እንረሳለን።

በማግሥቱ ወደ ማታ የግራዝማች አገር ደረስን። እሳቸው የጊዮርጊስ ደብር ሰው ናቸው። ከሸለቆው ማዶ የሚካኤል ደብር አለ። በሁለቱ መካከል ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር የሚበቅልበት ሰፊ መሬት ተዘርግቷል። ሣሩ ለቤት ክዳንም፣ ለገመድም፣ በድርቅ ጊዜ ለከብትም ይሆናል፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች እስኪፈቅዱ ድረስ ማንም እንዳያጭደው ከጥንት ጀምሮ በሕግ ይታገዳል። ይሁን እንጂ ድንበሩ እስከ የት ነው በሚለው ሁለቱ ደብሮች ሲጣሉ ኖረዋል። የአጥናፉ አባት የወደቀው በዚሁ ሣር ላይ፣ ከሚካኤል ሰው በተተኮሰ ጥይት ነው። ልጁ ወታደር ሆኖ ሲመለስ የጊዮርጊስ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነገር ምን እንደ ነበር ለአንባቢ መንገር አያሻኝም።

ግራዝማች ቤት አድሬ ጠዋት ለመሄድ ስነሣ ጥሩንባ ተነፋ። ወዲያው አበጀ የሚባል ጎረቤት ደም የነካው ኩታ ይዞ እያለከለከ ገባ።

«ጎረቤታችንን ተገኘን የሚካኤል ሰዎች ገደሉት! ትናንት ጓሳው ላይ ጥይት ሲጮህ ሰምተን ነበር። ዛሬ ብንሄድ ይህን ኩታውን አገኘን!»

ብዙም ሳይቆይ የደብሩ ወንዶች ጠብመንጃቸውን እያነገቱ ግቢውን ሞሉት። ግራዝማች ዝናራቸውን ታጥቀው ወጡና ለአጥናፉ የራሳቸውን ምንሽር ዘረጉለት።

«ያዝ። ቀንህ ደረሰ። የአባትህንም፣ የተገኘንም ደም ዛሬ ትመልሳለህ።»

አጥናፉ ጠብመንጃውን አልተቀበለም። ወደ አበጀ ዞረና፣ «ሬሳውን አየህ ወይ?» አለው።

«ኩታውን አየሁ እንጂ…»

«ሬሳውንስ ያየ አለ?»

ከግቢው ሙሉ ሰው ሬሳ ያየ አልነበረም።

«ጋሼ፣ እስከ ቀትር ይታገሱኝ» አለ አጥናፉ። «ሄጄ ልጠይቅ።»

«አብደሃል? የገደሉት ሰው ልጅ መሆንህን ያውቃሉ! ደም ልትመልስ የመጣህ መስሏቸው ከሩቅ ይጥሉሃል።»

«ለዚህ ነው ባዶ እጄን፣ በሜዳው መሐል፣ በግልጽ የምሄደው። ያስቡት ጋሼ፤ ድሮ በሣር የተጣላ በዱላ ይማታ ነበር፤ ራሱ የተፈነከተ ይኖራል፣ ይታረቃል። ዛሬ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ጠብመንጃ በየቤቱ አለ። ጠቡ ያው የጥንቱ የሣር ጠብ ነው፤ መሣሪያው ግን የጦር ሜዳ መሣሪያ ሆኗል። ዛሬ ብትወርዱ እስከ ምሽት ሁለቱም ደብር ቀባሪ ያጣል።»

ከሕዝቡ መሐል፣ «ፈርቶ ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይህን ጊዜ የአጥናፉ እናት ወይዘሮ ወለተኪዳን ከቤት ወጡ። ነጠላቸውን አደግድገው በወንድማቸው ፊት ቆሙ።

«ወንድም ጋሼ፣ ባሌን በዚያ ሣር ላይ ያጣሁ እኔ ነኝ። ደሙን መልሱልኝ ብዬ ለማን ተናገርሁ? በስሜ ስትምሉ የኖራችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ሌላይቱም ሴት እንደ እኔ እንድትሆን አልፈልግም። ልጄን ልቀቁት፣ ይሂድ።»

ግራዝማች ራሳቸውን አቀረቀሩ፤ ከዚያም፣ «እስከ ቀትር» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ግን የሚይዘኝ የለም።»

አጥናፉ አንድ ነገር ብቻ ለመናቸው። «እስክመለስ ድረስ ከሸለቆው ጅረት ወዲያ አንድም ሰው እንዳያልፍ፣ አንድም ጥይት እንዳይተኮስ ይጠብቁልኝ። የእኔ ነፍስ ያለችው በእርስዎ እጅ ነው።»

ወደ ጅረቱ ወረድን። ማዶ የሚካኤል ሰዎች በአለቶቹ መካከል ተሰልፈው ይታያሉ፤ ጥሩንባውን ሰምተው ነበርና እነሱም ታጥቀዋል። አጥናፉ ከኮንጎ ይዞት የመጣውን የሰላም አስከባሪ ሰማያዊ ቆብ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ከትከሻው በላይ አንሥቶ፣ ወገቡ ድረስ በሚደርሰው ሣር ውስጥ በቀስታ ይራመድ ጀመር። እናቱ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ኪዳነ ምሕረት፣ ኪዳነ ምሕረት» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

እኔ ግን ያየሁት አጥናፉን ብቻ አልነበረም፤ ግራዝማችንም አይ ነበር። በሰልፉ ፊት ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ አንዱን በቁጣ፣ አንዱን በልመና ይመልሳሉ፤ በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላቦት አወጣ። ወደ እኔ ቀረብ ብለው በሹክሹክታ፣ «መምህር፣ ሰው ወደ ውጊያ ስነዳ ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ግን ሠርቼ አላውቅም። መያዝ ከመልቀቅ ይከብዳል» አሉኝ።

ቃላቸው ሳያልቅ አበጀ ትዕግሥቱ አለቀና ተንበርክኮ አነጣጠረ። ግራዝማች እንደ ጎልማሳ ዘለው አፈሙዙን በእጃቸው ወደ ላይ መቱት። ጥይቱ ወደ ሰማይ ጮኸ። ማዶም ጠብመንጃ ሁሉ ተደገነ።

አጥናፉ ከሜዳው መሐል ነበር። ወደ ኋላ አልሮጠም፤ መሬትም ላይ አልተኛም። እጁን እንዳነሣ ወደ ሚካኤል ወገን እየተመለከተ ቆመ፤ ከዚያም በሙሉ ድምፁ፣

«አትተኩሱ! የኛ ሰው አምልጦት ነው! እኔ በዚህ ሣር ላይ የወደቀው የባላጋራችሁ ልጅ ነኝ፤ ደም ፍለጋ ሳይሆን ሰው ፍለጋ ነው የመጣሁት! ተገኘ የት ነው?» ብሎ ጮኸ።

ግራዝማች በበኩላቸው ምንሽራቸውን ሰው ሁሉ በሚያየው ድንጋይ ላይ አጋደሙትና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እንዲህ ያደርጋሉ ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ ሜዳ አልነበረም።

ከማዶ አንድ ረጅም ሽማግሌ ከአለት ጀርባ ወጡ። ባላምባራስ ገሠሠ ናቸው፤ በጠላት ዘመን ከግራዝማች ጋር ከአንድ አቅማዳ በሶ የበሉ፣ በኋላ በዚህ ሣር የተጣሏቸው። ወደ አጥናፉ ወረዱ፤ ሁለቱ ጥቂት ተነጋገሩ፤ ከዚያ አብረው ወደ ሚካኤል መንደር ሄዱ። ጉም መጥቶ ሸፈናቸው።

ያ ጥበቃ የከበደ ነበር። ፀሐይዋ ወደ መሐል ሰማይ ስትጠጋ፣ ጉሙ ገለጥ ሲል፣ አራት የሚካኤል ጎልማሶች ቃሬዛ ተሸክመው ሲመጡ ታዩ። አጥናፉ ከፊት ነው። ሬሳ መሰለን። ቃሬዛው ሲቀርብ ግን ተኝቶ የነበረው ሰው ቀና ብሎ፣

«ኧረ በቀስታ! እግሬን ጨረሳችሁት!» ሲል ጮኸ። ተገኘ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተገኘ የታገደውን ጓሳ በስውር ሊያጭድ ገብቶ ሳለ፣ የሚካኤል ጠባቂ በግ የያዘ ጅብ ላይ ይተኩሳል። ተገኘ «ለእኔ ነው» ብሎ ሲሮጥ ገደል ይገባና እግሩ ይሰበራል፤ ደም የነካው ኩታውም እዚያው ይቀራል። ጠባቂው ጩኸቱን ሰምቶ አውጥቶ ቤቱ ወሰደው፤ ሚስቱ ሸዋረጋ ወጌሻ አስጠርታ አሳሰረችለት፤ ወተትም ስታጠጣው አደረች። ታዲያ መልእክት ለምን አልላካችሁም ቢባሉ፣ «ማን ይምጣ? የመጣውን ትገድሉታላችሁ ብለን ፈራን» አሉ። እኛ እነሱን ፈርተን ታጠቅን፤ እነሱ እኛን ፈርተው ዝም አሉ። ይህን ያህል ሕዝብ ሊተላለቅ የነበረው በጥላቻ ብቻ ሳይሆን የሚጠይቅ ሰው ስለ ጠፋ ነው።

እልልታው ሸለቆውን ሞላው። ሰው በሁለቱም ወገን ከጅረቱ ተሻግሮ ተደባለቀ። ወይዘሮ ወለተኪዳን የልጃቸውን አንገት አቅፈው እንዲህ አሉ፦

«ገድሎ መመለሱን ማን ወንድ ያጣዋል፣
አድኖ በመመለስ ልጄን ማን ያህለዋል!»

ግራዝማች ባላምባራስን አቅፈው አለቀሱ። ከዚያም በሁሉም ፊት ወደ አጥናፉ ዞረው፣ «ልጄ፣ ጣርማ በር ላይ የተናገርሁህን ይቅር በለኝ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጥይት በጮኸበት ቦታ ቆሜአለሁ፤ ግን ጠብመንጃ ይዤ፣ ድንጋይ ተከልዬ ነው። አንተ ባዶ እጅህን፣ ምንም ሳትከለል ቆምህ። ወንድነትህን ዛሬ በዓይኔ አየሁ» አሉት።

አጥናፉም፣ «እርስዎ ያን አፈሙዝ ባይመቱት ኖሮ እኔ አልነበርሁም። ድሉ የጋራ ነው ጋሼ» ብሎ እጃቸውን ሳመ።

ዕርቁ በዚያው ሰሞን ተፈጸመ። የሁለቱ ደብር ካህናት መስቀል ይዘው በጓሳው መሐል ቆሙ። የአጥናፉን አባት የገደለው ሰው ከሞተ ቆይቷልና፣ የገዳዩ ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ አጥናፉም ድንጋዩን ከትከሻው አንሥቶ ጣለለትና ሳመው። ከዚያም ሕግ ወጣ። ጓሳው ውስጥ ጠብመንጃ ይዞ የሚገባ እንዳይኖር፣ ጥበቃውም ከሁለቱም ደብር በጥምር እንዲሆን፣ «ሰው ተገደለ» የሚል ወሬ ቢመጣ ከሁለቱም ወገን የተላኩ ሰዎች አብረው ሄደው በዓይናቸው ሳያዩ ጥሩንባ እንዳይነፋ ተማማሉ። ወንጀል ቢሠራ ደግሞ ወደ መንግሥት ዳኛ እንጂ ወደ ዝናር እንዳይሮጡ ተስማሙ። ተገኘም የታገደ ሣር በማጨዱ ተቀጣ፤ ቅጣቱ እግሩ ሲድን ያዳነችውን የሸዋረጋን ቤት መክደን ነበር።

በዓመቱ ዘመሮ ገበያ ላይ የጓሳ ሸክም እንደዚያ በዝቶ አይቼ አላውቅም። ሣሩ ስላልተረገጠና ስላልተሰረቀ ቁመቱ ሰው ይሸፍን ነበር። ሁለቱም ደብሮች ቤተ ክርስቲያናቸውን በአዲስ ሣር ከደኑ። ቀድሞ ማረሻቸውን ሰቅለው በፍርድ ቤት ደጅ ሲንከራተቱ የነበሩ ሰዎች መሬታቸውን በጊዜ አረሱ። የጊዮርጊስ ልጅ ከሚካኤል ተዳረች። ልጆችም ሸለቆውን ያለ ፍርሃት ተሻግረው ዘመሮ እየመጡ ይማሩ ጀመር፤ ከሁለቱም ደብር የመጡትን በአንድ ወንበር አስቀምጬ አስተማርኋቸው።

በ1957 ዓ.ም. ከመስከረም በኋላ የጎረቤቱ የግሼ አገር ሰዎች ከራቤል ከተማ ተነሥተው ግራዝማች ቤት መጡ። በገብስ መሬት የተጣሉ ሁለት ወገኖች ስለ ነበሩ፣ «ይምጡና ያስታርቁን» ብለው ለመኗቸው። እኔም ግራዝማችን ልጠይቅ ሄጄ እዚያ ነበርሁ። ከመልእክተኞቹ አንዱ፣ ጠብመንጃውን ከጉልበቱ ላይ ያላወረደ ጎልማሳ፣ በአክብሮት ግን በጥርጣሬ፣ «ግራዝማች፣ እርስዎን የመሰለ አርበኛ በሁለት ተዋጊ መሐል ባዶ እጁን ይቁም ይላሉ? ይህ የድሮውን ጀግንነት መናቅ አይሆንም ወይ?» አላቸው።

ግራዝማች ፈገግ አሉ።

«የድሮውን ማን ናቀው ልጄ? አባቴ ጋሻ ያዘ፤ ዘመኑ ነበር። እኔ ገደል ገባሁ፤ ያም ዘመኑ ነበር። ጠላት ድንበር ቢሻገር ዛሬም ይህ ሽበቴ አያግደኝም። ነገር ግን በደረስሁበት ውጊያ ሁሉ፣ ድል ባደረግንበትም ቀን እንኳ፣ ማታ ለቅሶ የሌለበት ሰፈር አላገኘሁም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሁለቱም ወገን ድል አድርጎ፣ አንድም ሰው ሳይጎድል ወደ ቤቱ ሲገባ አየሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላውን ድል ድል ብዬ መጥራት አቃተኝ። በሉ ተነሡ፤ ባላምባራስም በቅሎውን ጭኖ ይጠብቀናል።»

ጎልማሳው ጠብመንጃውን ከጉልበቱ አንሥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን እየጋለቡ ወደ ራቤል ሄዱ፤ የራቤልም ሰዎች በዚያ ዓመት ገብሳቸውን ያለ ዘብ አጨዱ።